የሚሸጥ ጆሮ

ከኔታኒያ መሃል ከተማ ወደ ደቡብ ሲወርዱ፣ የስዊድኑ የቤት ዕቃ መደብር ኢኬያ ያለበት የፖሌግ ኢንዱስትሪ አካባቢ ይገኛል። የሞባይል ስልክ ኩባንያው የሴልኮም ዋና መሥሪያ ቤትም እዚያው ነው። ከእስራኤል ግዙፍ የጦር መሣሪያ አምራቾች አንዱ የሆነው ኤልቢት ሲስተምስ ደግሞ የምድር ጦርና የመገናኛ ሥርዓቶችን የሚሠራውን ክፍሉን ያደረገው በዚችው ከተማ ነው። ጎህ ሲቀድ ወደ እነዚህ ሕንፃዎች ከሚገቡት መካከል የእኛ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ባለቢሮው ሳይመጣ ወለሉን ወልውለው፣ ቆሻሻውን አውጥተው ይጨርሳሉ። ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይቶ የመግቢያ ካርዳቸውን አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ልጆች ይመጣሉ። ከነሱም መካከል የእኛ አሉ። ቁጥራቸው ከእናቶቻቸው ያንሳል፣ ግን አሉ።

ሠፈር ውስጥ ስለነዚህ ኩባንያዎች ሲወራ ስለ ደመወዝ ነው። የማን ልጅ ሃይቴክ ገባ፣ ስንት ይከፈለዋል፣ ቤት ገዛ ወይስ አልገዛም። ምን እንደሚሠሩና ለማን እንደሚሸጡ ግን የሚጠይቅ የለም፤ ጉዳዩ የሌላ ሰው ይመስላል። አይደለም። ከፖሌግ ተነስተው መንገዱ ካልተጨናነቀ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ራናና ይደርሳሉ። እዚያ የነበረ፣ ኤልቢት በባለቤትነት ይዞት የነበረ ሳይበርቢት የተባለ ኩባንያ የሠራው የስለላ ሶፍትዌር ኢትዮጵያውያንን ለማዳመጥ እንደዋለ በማስረጃ ከተጋለጠ ዓመታት አልፈዋል። ኔታኒያ በአገሪቱ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ከሚኖሩባቸው ከተሞች አንዷ ናት። እንዲህም ሆኖ ታሪኩን በአማርኛ የነገረን ሰው ጥቂት ነው።

ነገሩ በኢሜይል ነው የሚጀምረው። ኦክቶበር 2 ቀን 2016 (ዘመኑ እዚህም ሆነ ከዚህ በኋላ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ቢሾፍቱ ላይ የኢሬቻ በዓል ሲከበር የጸጥታ ኃይሎች አስለቃሽ ጭስ ተኮሱ፤ ሕዝቡ ተረጋግጦ፣ ገደል ገብቶ ብዙ ሰው አለቀ። አገሩ በሙሉ በቁጣና በሐዘን ላይ ነበር። በሁለተኛው ቀን፣ ኦክቶበር 4፣ ያኔ አሜሪካ ሆኖ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክን (ኦኤምኤን) ይመራ ለነበረው ለጃዋር መሐመድ አንድ ኢሜይል ደረሰው። ውስጡ የቪዲዮ ሊንክ አለ። ሊንኩ የሚወስደው ኢስትአፍሮ የተባለውን የኤርትራውያን የቪዲዮ ድረ ገጽ አስመስሎ ወደተሠራ ሌላ ገጽ ነው። ገጹ ቪዲዮውን ለማየት መጀመሪያ አዶቤ ፍላሽ የተባለውን ፕሮግራም አድስ ይላል። እሺ ብሎ የተጫነ ሰው ፍላሹን ያገኛል፤ ከፍላሹ ጋር ግን ያልጠራው እንግዳም አብሮ ይገባል።

ማጥመጃው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም የዚህ ንግድ ብልሃት ግማሹ ኮምፒውተር ሳይሆን የሰው ጠባይ ማወቅ ነው። ሕዝብ በሞተ ማግስት ቪዲዮ የማይከፍት ጋዜጠኛ የለም። ላኪው የወገን ሰው መስሎ ይመጣል፤ የሚልከውም የዕለቱን መርዶ ነው። አገር ቤት ያለ ዘመድ ደህና ይሁን አይሁን ሳያውቅ እንቅልፍ ያጣ ስደተኛ እንዲህ ያለውን ነገር ሁለቴ አያስብበትም። ጃዋር ግን ኢሜይሉን ወደ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው የምርምር ተቋም ወደ ሲቲዝን ላብ አስተላለፈው።

ሶፍትዌሩ ፒኤስኤስ ይባል ነበር፣ ኋላ ፒሲ 360 ተባለ። ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ በኋላ የሚጻፈውን እያንዳንዱን ፊደል ይመዘግባል፣ የስክሪኑን ምስል እያነሳ ይልካል፣ የይለፍ ቃሎችን ይለቅማል፣ የስካይፕ ንግግር ይቀዳል። ማይክሮፎኑንም ባለቤቱ ሳያውቅ ከፍቶ ክፍሉ ውስጥ የሚወራውን ያዳምጣል። ስለዚህ የሚሰለለው ባለኮምፒውተሩ ብቻ አይደለም። ሊጠይቀው የመጣ እንግዳ፣ ከአምቦ ወይም ከባሕር ዳር መረጃ የላከለት ሰው፣ ሚስቱ፣ ልጁ፣ ሁሉም በአንድ መረብ ይገባሉ። ውጭ አገር ያለውን ሰው ፓስፖርቱ ይጠብቀው ይሆናል። አምቦ ያለውን ሰው ምን ይጠብቀዋል?

ዲሴምበር 6 ቀን 2017 ሲቲዝን ላብ ሪፖርቱን አወጣ። ተመራማሪዎቹ ይህን ያህል የጠለቀ ነገር ያገኙት በብልሃታቸው ብቻ አልነበረም፤ ሰላዮቹ ግዴለሽ ነበሩ። የተሰረቀው መረጃ የሚከማችበት ሰርቨር ማን መቼ እንደተገናኘ የሚመዘግብ ሰነድ ነበረው፤ ሰነዱም ለማንም ክፍት ሆኖ ኢንተርኔት ላይ ተሰጥቷል። ሌባ የዕለት ውሎውን ጽፎ ደጃፉ ላይ ትቶት እንደመሄድ ያለ ነው። ተመራማሪዎቹ ከአንድ ዓመት በላይ ይህን መዝገብ ሲያነቡ ቆዩ። ሰላዮቹ የሚገቡት ከኢትዮጵያ ነበር። የተጠለፉት ኮምፒውተሮች በ20 አገሮች ተበትነዋል፤ ከነሱም መካከል የኤርትራ ኩባንያዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነበሩ። ማጥመጃ ኢሜይል ከተላከላቸው ውስጥ የዶክትሬት ተማሪና ጠበቃ ይገኙበታል። አስቂኙ ነገር፣ ጉዳዩን ሲመረምር ለነበረው ለቢል ማርዛክ ራሱም ኢሜይሉ ተልኮለታል።

ሻጩን ያወቁበት መንገድ ደግሞ ለልብ ወለድ የሚመች ነው። አንዱ ምልክት ሶፍትዌሩ የተፈረመበት ዲጂታል የምስክር ወረቀት ነበር። ሌላው የሽያጭ ሠራተኞቹ ላፕቶፕ ነው። ለማሳያነት የሚያገለግሉ ኮምፒውተሮች በሄዱበት ሁሉ ወደ ኩባንያው ሰርቨር እየደወሉ «እዚህ ነኝ» ይሉ ነበር። ተመራማሪዎቹ በዚያ ዱካ ታይላንድን፣ ኡዝቤኪስታንን፣ ዛምቢያንና ፊሊፒንስን ተከትለው ደረሱ፤ የፓሪሱ የጸጥታ ዕቃዎች ትርዒት ሚሊፖል ላይም አገኟቸው። ሰውን በላፕቶፑ መከታተል ሥራው ያደረገ ኩባንያ በራሱ ላፕቶፕ ተያዘ።

ሳይበርቢት ከባዶ የበቀለ ኩባንያ አይደለም። ኤልቢት በ2015 ናይስ ከተባለው የራናና ኩባንያ የሳይበርና የስለላ ክፍሉን እስከ 157.9 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ ዋጋ ገዛ፤ በዚያው ዓመት ሳይበርቢት ተመሠረተ። ዛሬ የሳይበርቢት ስም የሚነሳው የሳይበር ጥቃት መከላከልን በማሰልጠን ነው።

ደንበኛው ማን ነው?

አዲስ አበባ በዚህ ገበያ እንግዳ አልነበረችም። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ፣ በተለምዶ ኢንሳ የምንለው፣ በ2006 ተቋቁሟል። ከመሥራቾቹና ከመሪዎቹ አንዱ ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ዐቢይ አሕመድ ነበሩ። በ2013 ሲቲዝን ላብ የተቃዋሚውን ድርጅት የግንቦት 7ን መሪዎች ፎቶ ማጥመጃ ያደረገ ፊንስፓይ የተባለ ሶፍትዌር አገኘ፤ ሠሪው መነሻው ብሪታንያና ጀርመን ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ በስደት ይሠራ በነበረው የቴሌቪዥን ጣቢያ በኢሳት ጋዜጠኞች ላይ ሙከራ ተደረገ፤ ይኼኛው ሃኪንግ ቲም የተባለ የሚላን ኩባንያ ሥራ ነበር። በ2015 ሃኪንግ ቲም ራሱ ተጠልፎ 400 ጊጋ ባይት የሚሆን የውስጥ ሰነዱ በአደባባይ ሲዘረገፍ ኢንሳ በ2012 አንድ ሚሊዮን ዶላር እንደከፈለ ታየ። ከሰነዶቹ ውስጥ የሚገርመው የገንዘቡ መጠን አይደለም። የኩባንያው ሰዎች የተበሳጩት ደንበኛቸው ጋዜጠኛ በመሰለሉ ሳይሆን ዝርክርክ ሆኖ በመያዙ ነበር። ከዚያም ተጨማሪ ስልጠና ያለበት አዲስ ውል ማስላት ጀመሩ።

ጣሊያኖቹ ከተዋረዱ በኋላ ሦስተኛው ሻጭ ከራናና መጣ። አንድ መንግሥት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሦስት አገር ሻጮች ጆሮ ሲገዛ፣ የአንዱ መጋለጥ ለሌላው የገበያ ዕድል እንደሆነ ልብ ይሏል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። አንዱ ኩባንያ በሰነድ ተጋልጦ፣ ስሙ ጠፍቶ፣ ከገበያ ቢወጣ እንኳ ደንበኛው ባዶ እጁን አይቀርም።

ይህ ሁሉ ሲሆን አገር ቤት ሕጉ ከገዥው ጎን ነበር። የ2009 የጸረ ሽብር አዋጅ ግንኙነት መጥለፍን በፍርድ ቤት ፈቃድ ይፈቅድ ነበር፤ ሽብርተኛ ማን እንደሆነ የሚወስነው ግን ራሱ ከሳሹ መንግሥት ነበር። በ2014 የታሰሩት የዞን 9 ጦማርያን ክስ ውስጥ ኢሜይልን ከጠላፊ የመጠበቅ ስልጠና መውሰዳቸው እንደ ወንጀል ማስረጃ ቀርቧል። ከኢሬቻው እልቂት በኋላ በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደግሞ ኢሳትንና ኦኤምኤንን መመልከት ተከለከለ። መንግሥት ያለ ቁልፍ ገብቶ ያዳምጣል፤ ዜጋው በሩን ከቆለፈ ግን ይከሰሳል።

«ዝናቡ እንዴት ነው?»

ኔታኒያ ውስጥ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ብዙ የማይርቅ አንድ የእንጀራ መሸጫ አለ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጌሾ፣ ነጠላ፣ የስልክ ካርድ፣ ሁሉም በአንድ ክፍል ተደርድሯል። ዓርብ ከቀትር በፊት ሰው ይበዛል፤ ሰንበት ከመግባቷ በፊት እንጀራውን ለመውሰድ ይጋፋል። በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ የመጡ አንድ አዛውንት ጥግ ላይ ወንበር ስበው ጎንደር ወዳለች እህታቸው ይደውላሉ። ድምፃቸው ሱቁን ይሞላዋል።

«ዝናቡ እንዴት ነው?»

ወቅቱ በጋ ነው። ከወዲያ የሚመጣው መልስ አይሰማንም። «ከባድ ነው? በረዶም አለው?» ይላሉ። ትንሽ ዝም ብለው «ልጆቹን ከቤት አታውጪ በቃ» ብለው ይዘጋሉ። ሱቁ ውስጥ ያለነው ሁሉ ዝናቡ ምን እንደሆነ ገብቶናል። በኦገስት 2023 አማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት ከተዘጋ ወዲህ እንዲህ ያለው አነጋገር በርትቷል። መደበኛ ስልክ ብቻ ሲቀር ወሬው ሁሉ ስለ ዝናብ፣ ስለ ሠርግና ስለ ከብት ይሆናል።

ተራ የሚጠብቅ አንድ ወጣት ጠጋ አለ። በሃይቴክ ውስጥ ይሠራል። «ጋሼ፣ አሁን ኮ መስመሩ ካለ በዋትሳፕ ይደውሉ፤ የተመሰጠረ ነው፤ ማንም አይሰማዎትም።»

«አንተ ልጅ፣ ደርግን አታውቀውም» አሉት። «ጆሮ ጠቢ የሚቀመጠው መስመሩ ላይ መሰለህ? ከጎንህ ነው።»

አዛውንቱ በቴክኒኩም ትክክል ናቸው። ምስጠራ የሚጠብቀው መልእክቱ ከስልክ ወደ ስልክ ሲሄድ ነው። የስለላ ሶፍትዌር ግን መንገድ ላይ አይጠብቅም፤ ስልኩ ውስጥ ተቀምጦ ቃሉ ሳይመሰጠር በፊት፣ ወይም ከተፈታ በኋላ ያነበዋል። ይህ ኢንዱስትሪ ያበበውም ለዚሁ ነው። ከ2013 ወዲህ፣ ኤድዋርድ ስኖውደን የአሜሪካን ስለላ ካጋለጠ በኋላ፣ የመልእክት አገልግሎቶች አንድ በአንድ ወደ ምስጠራ ገቡ። መስመር ላይ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ዋጋ ሲያጣ ራሱን መሣሪያውን የሚሰብር ነገር ውድ ሆነ። ወጣቱ ይህን ያውቃል፤ ሥራው ነው። የአዛውንቱን ስልክ ግን ማንም በሚሊዮን ዶላር አይጠልፈውም፣ ለሳቸው አያስፈልግም ብሎ ያስባል። እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለው። ውዱ ሶፍትዌር ለጥቂት ሰው ነው የሚውለው። የፍርሃቱ ዋጋ ግን ርካሽ ነው፤ አንድ ጋዜጠኛ ሲጠለፍ ሺህ ሰው ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምራል።

ይህን የሚያህል ጥንቃቄ በቤተ እስራኤል ዘንድ አዲስ አይደለም። በ1980ዎቹ በሱዳን በረሃ የመጡትና ጎንደር የቀሩት ይገናኙ የነበረው ሰው ይዞት በሚሄድ ካሴት ነበር። ሰላምታው ብቻውን የካሴቱን አንድ ገጽ ይጨርሰዋል። ቁም ነገሩ ደግሞ በሰላምታው መሃል ተሸፍኖ ይገባል። መንግሥታት በሰው ራስ ላይ ሲደራደሩም ይህ ሕዝብ የመጀመሪያ ልምዱ አይደለም። በሜይ 1991፣ 36 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ሲወጣ፣ ለኢትዮጵያ መንግሥት 35 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሏል። ያኔ የተከፈለው ሰው ለማውጣት ነበርና የሚያማርር የለም። ግን በሁለቱ መንግሥታት መካከል የሚተላለፈው ገንዘብ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ እንደማይሄድ፣ ዓላማውም አንድ እንዳልሆነ ማወቁ አይከፋም።

አቤቱታው የት ይቀርባል?

ሳይበርቢት ለሪፖርቱ የሰጠው መልስ አጭርና ጥንቁቅ ነበር። ምርቱን የሚሸጠው ለሉዓላዊ መንግሥታትና ለሕግ አስከባሪ አካላት ብቻ ነው፤ አጠቃቀሙ በአገራቸው ሕግ የተፈቀደ መሆኑን የማረጋገጥ ኃላፊነቱ የነሱ ነው፤ ስለ አንድ የተወሰነ ሽያጭ «አለ» ወይም «የለም» ማለት አይችልም። በዚህ መልስ ውስጥ ውሸት ላይኖር ይችላል። ችግሩም እሱ ነው። ሻጩ ወደ ገዥው ይጠቁማል። ገዥው ሉዓላዊ ነኝ ይላል። በሁለቱ መካከል የእስራኤል መከላከያ ሚኒስቴር አለ፤ በ2007 በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ያለ ዕቃ ያለ እሱ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ፈቃዱ ደግሞ ምስጢር ነው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል የሄርጽሊያው የስለላ ሶፍትዌር ኩባንያ ኤንኤስኦ የወጪ ንግድ ፈቃድ እንዲሰረዝ ደግፎት የቀረበውን አቤቱታ የቴል አቪቭ አውራጃ ፍርድ ቤት በዝግ ችሎት አይቶ በጁላይ 2020 ውድቅ አድርጎታል። ዳኛዋ ሚኒስቴሩ ፈቃድ ሲሰጥ ጥብቅ ምርመራ ያደርጋል አሉ።

የተሰለለው ሰው ፍርድ ቤት ሲሄድስ? አንድ ሄዷል። በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ተወላጅ አሜሪካዊ፣ ለደህንነቱ ሲባል «ኪዳኔ» በሚል ስም፣ በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ላይ ከሰሰ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ፊንስፓይ ለወራት ተቀምጦ ነበር፤ የስካይፕ ንግግሩን ቀድቷል፣ ኢሜይሉን አንብቧል። የቤተሰቡም ኮምፒውተር ስለነበረ ልጁ ለዘጠነኛ ክፍል የታሪክ የቤት ሥራ የፈለገው ነገር ሳይቀር ተመዝግቧል። አንድ ልጅ ሜሪላንድ ላይ የቤት ሥራውን ሲሠራ አዲስ አበባ ላይ ፋይል ይከፈትለታል።

ማርች 14 ቀን 2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ክሱን ዘጋው። ምክንያቱ ሲቀል እንዲህ ነው፤ ባዕድ መንግሥት በእንዲህ ያለ በደል አሜሪካ ፍርድ ቤት የሚከሰሰው ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ ሲፈጸም ነው። እዚህ ግን ሐሳቡም ትእዛዙም የመጣው ከውጭ ነው። በዚህ ስሌት ሰላይ በአካል ሜሪላንድ ድረስ ሄዶ መስኮት ቢሰብር ይከሰስ ነበር፤ ቢሮው ቁጭ ብሎ ቤቱን በሙሉ ቢዘርፍ ግን አይከሰስም። ሕግ አዋቂዎች በብያኔው ይከራከሩበታል። እኔ በበኩሌ ፍርዱ ለዚህ ንግድ ያላሰበውን ስጦታ የሰጠ ይመስለኛል፤ የሩቅነቱ ጥቅም ሽያጭ ብቻ ሳይሆን ከለላም ሆነ።

እዚህ እስራኤል ደግሞ ነገሩ ዞሮ ወደ ቤት መጣ። በጃንዋሪ 2022 ካልካሊስት የተባለው የኢኮኖሚ ጋዜጣ የእስራኤል ፖሊስ የኤንኤስኦን ሶፍትዌር በራሱ ዜጎች ላይ ተጠቅሟል ሲል ዘገበ። በፌብሯሪ ያወጣው የስም ዝርዝር አገሩን አናወጠ። ከነጋዴዎችና ከባለሥልጣናት ጋር በዚያን ጊዜ የኔታኒያ ከንቲባ የነበሩት ሚርያም ፋይርበርግ ስም ተጠቀሰ። የኢትዮጵያውያን ተቃውሞ መሪዎችም እንደዚሁ። ከንቲባዋና ሰልፈኞቹ በአንድ ዝርዝር ሲገኙ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ተቃውሞው የትኛው እንደነበር እዚህ ማንም አይረሳውም። በጁን 30 ቀን 2019 ሰሎሞን ተካ የተባለ የ18 ዓመት ወጣት ኪርያት ሃይም ላይ ከሥራ ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሲሞት፣ ኔታኒያን ጨምሮ በየከተማው መንገድ ተዘጋ።

ምክትል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አሚት መራሪ የመሩት ኮሚቴ ጉዳዩን መረመረ። በስም ዝርዝሩ ካሉት ስልኮች አንዱም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንደተጠለፈ ምልክት አላገኘም። ጋዜጣው እዚህ ላይ ተሸንፏል፤ ይህን ሳይናገሩ ወሬውን ብቻ ማራባት ነውር ነው። ኮሚቴው ግን በኦገስት 2022 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ሌላም ነገር ጻፈ። ሶፍትዌሩ ፖሊስ በሕግ ያልተፈቀደለትን መረጃ፣ ለምሳሌ የአድራሻ ዝርዝርና ማስታወሻ፣ ይሰበስብለት ነበር። ማለትም ትእዛዙ ሕጋዊ ሆኖ ዕቃው ከትእዛዙ በላይ ያፈስ ነበር። የስልክ ጥሪ ስማ ብሎ ዳኛ ሲፈቅድ፣ ዕቃው ስልኩን በሙሉ ይገለብጣል። በጥሩ ሥርዓት ውስጥ፣ ዳኛና ጋዜጣ ባለበት አገር፣ ይህ ከሆነ፣ ዳኛው የመንግሥት ሠራተኛ በሆነበት አገር ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ዓለም ሙሉ በሙሉ ዝም አላለም። በኖቬምበር 2021 የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር ኤንኤስኦንና ካንዲሩ የተባለውን ሌላ የእስራኤል ኩባንያ በጥቁር መዝገብ አስገባ። በዚያው ወር ካልካሊስት እንደዘገበው የእስራኤል መከላከያ ሚኒስቴር የሳይበር መሣሪያ የሚሸጥላቸውን አገሮች ከ102 ወደ 37 ዝቅ አደረገ። በ37ቱ ውስጥ ከአፍሪካ አንድም አገር አልነበረም። ጀርመን ውስጥ የፊንስፓይ ሠሪ ፊንፊሸር በ2022 ከሰረ፤ በ2023 አራት የቀድሞ ኃላፊዎቹ ያለ ፈቃድ ለቱርክ ሸጣችኋል ተብለው ተከሰሱ። በሜይ 2025 ካሊፎርኒያ ላይ የተሰየሙ ዳኝነት ሰጪ ዜጎች ኤንኤስኦ ወደ 1,400 ስልኮችን በዋትሳፕ በኩል በማጥቃቱ 167 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲቀጣ ወሰኑ፤ ዳኛዋ ኋላ ወደ 4 ሚሊዮን ዝቅ ቢያደርጉትም ኩባንያው ዳግመኛ ወደ ዋትሳፕ እንዳይደርስ አግደዋል። ልብ ይበሉ፣ የከሰሰው ጋዜጠኛ ወይም ስደተኛ አይደለም፤ ሌላ ግዙፍ ኩባንያ ነው። ገንዘብ ያለው ለአገልግሎቱ ስም ሲከራከር የእኛም መብት በጎን ተጠበቀ። ለዚህም ተመስገን ነው፤ መተማመኛ ግን አይሆንም።

በዲሴምበር 2021 የእስራኤል መከላከያ ሚኒስቴር ገዥ መንግሥታት የሚፈርሙትን ሰነድም አጠበቀው። ዕቃው ለሽብርና ለከባድ ወንጀል ብቻ ይውላል፤ አስተያየት መስጠት ወይም መንግሥትን መተቸት በራሱ ሽብር አይደለም ይላል። ጥሩ ቃል ነው። የኢትዮጵያን ጉዳይ ከዚህ ሰነድ ፊት አስቀምጡት። ግንቦት 7ን፣ ኦነግንና ኦብነግን የኢትዮጵያ ፓርላማ በ2011 ሽብርተኛ ብሎ ፈረጀ። ያኔ የነበረ ባለሥልጣን ይህን ወረቀት እጁ ሳይንቀጠቀጥ ይፈርም ነበር፤ በአገሩ ሕግ የሚሰልለው ሽብርተኛን ነውና። በጁላይ 2018 ያው ፓርላማ ሦስቱንም ከዝርዝሩ አወጣቸው፤ ከወር በኋላ ጃዋር አዲስ አበባ በአበባ ተቀበለችው። በጁን 2020 ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት ጃዋር ታሰረ፤ በጃንዋሪ 2022 ተፈታ። ሰውየው ያው ሰው ነው። ስድስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የሚሰለል፣ የሚወደስ፣ የሚታሰር፣ የሚፈታ ሆነ። ፊርማው ግን አንዴ ነው የሚፈረመው፤ ዕቃውም ከተሸጠ በኋላ በአገሩ ሁኔታ ልክ አይመለስም።

እንጀራ መሸጫው ውስጥ ያገኘሁት ወጣት በኋላ ቡና ስንጠጣ አንድ ነገር ነገረኝ። ከጥቂት ጊዜ በፊት ለአንድ የሳይበር ኩባንያ የሥራ ቃለ መጠይቅ ቀርቦ፣ መጨረሻ ላይ ጥያቄ ካለህ ሲሉት «ለማን ነው የምትሸጡት?» ብሎ ጠየቀ። እሱ እስከሚያስታውሰው ድረስ በቃለ መጠይቅ ላይ ያንን የጠየቀ ሌላ ጓደኛ የለውም። መላሽዋ ሳትቆጣ፣ በትሕትና፣ መከላከያ ሚኒስቴር ለፈቀደው ሁሉ አለችው። ኢትዮጵያስ? አላት። ስለ ደንበኞች አናወራም አለችው። ደመወዙ ጥሩ ነበር፤ ሌላ ኩባንያም ጠርቶት ስለነበር ወደዚያኛው ሄደ። ሌላ ጥሪ ባይኖርህስ ኖሮ አልኩት። «እናቴ እዚያው ሕንፃ ነው የምታጸዳው» አለኝ፤ «እሷም ኮ አልጠየቀችም።»